«ዶክተር፣ አሳስቦኛል»

ሆስፒታል ተኝተው ወይም ዘመድ አስታመው ያውቁ ይሆናል። ሐኪሙ በቀን አንድ ሁለቴ ጎብኝቶ ይሄዳል። ግፊት የምትለካው፣ ግሉኮስ የምትቀይረው፣ የታማሚው ትንፋሽ ሲለወጥ ቀድማ የምታየው ሲስተሯ ናት። ስለዚህ ስህተት ቢኖርም ቀድማ የምታየው እሷ ናት። ግን ያየችውን ትናገራለች?

«ካየች ለምን አትናገርም?» ይሉ ይሆናል። ነገሩ ቀላል አይደለም። ሐኪሙ ብዙ ተምሯል፤ የሚያዘውም እሱ ነው። «ተሳስቼ ቢሆንስ? በሰው ፊት ቢቆጣኝስ?» ያሰኛል። ይሉኝታም አለ። እኛ ደግሞ «ዝም አይነቅዝም» እየተባልን ያደግን ሰዎች ነን።

ችግሩ ግን የእኛ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1966 አሜሪካ ውስጥ የታተመ አንድ ጥናት አለ። የማያውቁት «ሐኪም» ለ22 ነርሶች ስልክ ደውሎ አንድ መድኃኒት 20 ሚሊግራም እንዲሰጡ አዘዘ። ዕቃው ላይ ግን በቀን ከ10 ሚሊግራም እንዳይበልጥ ተጽፏል። 21ዱ ሊሰጡ ተነሡ፤ አጥኚዎቹ አስቆሟቸው። መድኃኒቱም ጉዳት የሌለው ማስመሰያ ነበር።

ዝምታ ምን ያስከፍላል? እ.ኤ.አ. በ2005 እንግሊዝ ውስጥ ኢሌን ብሮሚሊ የተባለች የ37 ዓመት እናት ለቀላል የሳይነስ ቀዶ ሕክምና ገባች። ማደንዘዣ ከተሰጣት በኋላ አየር አልገባ አለ። ሐኪሞቹ በጉሮሮዋ ቱቦ ለማስገባት ደጋግመው ሞከሩ። አንዷ ነርስ አንገት ላይ ቀዳዳ ከፍቶ አየር ማስገቢያውን መሣሪያ አምጥታ መምጣቱን ተናገረች። ሌላዋ በጽኑ ሕሙማን ክፍል አልጋ ጠየቀች። የሰማቸው አልነበረም፤ እነሱም አጥብቀው አልገፉበትም። ኢሌን ከ13 ቀን በኋላ አረፈች።

ባለቤቷ ማርቲን የአውሮፕላን አብራሪ ነበር። በእሱ ሙያ ረዳት አብራሪው ዋናውን አብራሪ እንዲያስጠነቅቅ ይሠለጥናል። ሆስፒታሎችም ይህን እንዲያስተምሩ ከዚያ ወዲህ ሲወተውት ኖሯል።

ታዲያ ይህ የሚማሩት ነገር ነው? አዎ። ባለሙያዎች አሰርቲቭነስ ይሉታል። ሌላውን ሳይዘልፉ፣ የራስንም ሐሳብ ሳይውጡ በግልጽ መናገር ማለት ነው። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣው ቲምስቴፕስ የተባለ ሥልጠና ሦስት ደረጃ ያስተምራል። አሳስቦኛል፤ አልተመቸኝም፤ የታማሚው ደኅንነት ጉዳይ ነው።

በምሳሌ እንየው። ካርዱ ላይ ታማሚዋ ፔኒሲሊን እንደማይስማማት ተጽፏል። የታዘዘላት ደግሞ አሞክሲሲሊን ነው፤ እሱም የፔኒሲሊን ዘር ነው። ሲስተሯ «ዶክተር፣ የስድስት ቁጥሯ ትእዛዝ አሳስቦኛል፤ ፔኒሲሊን አይስማማትም» ትላለች። «ችግር የለውም፣ ስጫት» ቢላትስ? «ይህን መስጠት አልተመቸኝም» ትላለች። አሁንም ካልሰማ «ለታማሚዋ አደገኛ ነው፤ እባክዎ ሌላ ይዘዙልኝ» ትላለች። ካልሆነ ወደ ኃላፊዋ ትሄዳለች። ልብ ይበሉ፣ «ተሳስተዋል» የሚል ቃል የለም። የምታወራው ስለ ታማሚዋ እንጂ ስለ ሐኪሙ አይደለም።

ሌሊት በስልክ ከሆነስ? አራት ነገር በቅደም ተከተል ትናገራለች። አሁን የሆነውን፣ ታማሚው ለምን እንደተኛ፣ እሷ ምን እንደሚመስላት፣ ከሐኪሙ ምን እንደምትፈልግ። አራተኛውን መዝለል የተለመደ ነው። ሐኪሙን አልጋው ድረስ የሚያመጣው ግን «አሁኑኑ መጥተው ይዩት» የሚለው ነው።

ዋጋውስ? በጊዜ ካሰሉት አንድ ደቂቃ ቢፈጅ ነው። ከባዱ ሌላ ነው። የተናገረችው ሲስተር ልትኮረፍ ትችላለች። የአዳር ተራ ሊበዛባት፣ የሥራ ምዘናዋም ሊበላሽ ይችላል። ይህን ዋጋ ለብቻዋ ከተሸከመችው በሚቀጥለው ዝም ትላለች። ሆስፒታሉ ሊጋራት ይገባል። ስጋቷ ከንቱ ሆኖ ቢገኝ እንኳ ኃላፊዋ «እንኳን ጠየቅሽ» ማለት አለባት።

እርስዎስ? መርፌው ሲዘገይ መነጫነጭ ያለ ነው። ሲስተሯ «ትንሽ ይታገሡኝ፣ ዶክተሩን ልጠይቀው» ካለችዎ ግን ይታገሷት። ምናልባት ያቺን አንዷን ደቂቃ እየከፈለችልዎ ይሆናል።