ቀዳዳ የሌለው ጥርስ ለምን ያማል?

ጥርስ ሲያዩት ድንጋይ ይመስላል። ግን ሕይወት አለው። ከላይ በጣም ጠንካራ የሆነ ነጭ ሽፋን አለው። ከሽፋኑ ሥር በዓይን የማይታዩ ብዙ ቀጫጭን ቀዳዳዎች ያሉት ክፍል ይገኛል። በመካከሉ የደም ሥርና ነርቭ አለ። ሕመም የሚሰማው ይኸው ነርቭ ነው። ሽፋኑ ሲሳሳ ወይም ሲሰነጠቅ፣ ድድም ሲሸሽ፣ ቀጫጭኖቹ ቀዳዳዎች ይጋለጣሉ። በውስጣቸው ያለው ፈሳሽ በቅዝቃዜ ይንቀሳቀስና ነርቩን ይቀሰቅሰዋል። ሰውየውም የምንጭ ውኃ በጠጣ ቁጥር ጥርሱን ይነዝረዋል።

ብዙዎቻችን ጥርስ የሚያመው ትል ሲበላው ነው እንላለን። የጥርስ ትል የሚባል ነገር ግን የለም። ጥርስን የሚቦረቡረው፣ በዓይን የማይታዩ ተሕዋስያን ከስኳርና ከምግብ ትርፍራፊ የሚሠሩት አሲድ ነው። እንዲህ የተቦረቦረ ጥርስ ሲታይ ይታወቃል። የሚያስቸግረው ምንም ቀዳዳ ሳይታይበት የሚያመው ነው።

እንበል አንድ ገበሬ ለጥር 22 የኡራኤል ንግሥ አዲስ አበባ መጣ። መንጋጋውን ካመመው ወራት አልፈዋል። በኡራኤል አካባቢ የጥርስ ክሊኒኮች ስላሉ ዘመዶቹ ወደ አንዱ ወሰዱት። ሐኪሙ አፉን አየ፤ ቀዳዳ የለም። ራጅ አነሣው፤ በራጁም ምንም አልታየም። ገበሬው ግን ሕመሙ መሮታልና «ዶክተር፣ እባክዎ ይንቀሉልኝና ልገላገል» ይላል።

እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል። የተነቀለ ጥርስ ተመልሶ አይበቅልም። ነርቭ ደግሞ ያሳስታል። የታመመው የታችኛው ጥርስ ሆኖ ሳለ የላይኛው ያመመ ሊመስለን ይችላል። ያልታመመው ከተነቀለ ጥርሱም ይሄዳል፣ ሕመሙም አይለቅም። በቀሪው ዘመን ሁሉ ቆሎ በአንድ ወገን መቆርጠም ነው!

ራጅ የማያሳየውን ነገር ሐኪሙ ብዙ ጊዜ የሚያገኘው በመጠየቅ ነው። ስለዚህ ከመሄዳችን በፊት ሕመማችንን እንከታተል። በቀዝቃዛ ነው የሚያመው ወይስ በትኩስ? ቀዝቃዛው ሲቀር ወዲያው ይተዋል ወይስ ይቆያል? በተለይ አንድ ነገር እናስተውል፤ የሚያመው ስንነክስ ነው ወይስ የነከስነውን ስንለቅ? ሲለቁ ውግት የሚያደርግ ጥርስ ብዙውን ጊዜ የተሰነጠቀ ነው። ቆሎ ስንቆረጥም ጠጠር ያጋጥመናል፤ ቀጭን ስንጥቅ የሚያመጣውም እንዲህ ያለው ነገር ነው። ሐኪሙ ትንሽ እንጨት በየጥርሱ ላይ እያደረገ «ይንከሱ፣ ይልቀቁ» ይላል። በዚህ መንገድ ጥርሱ ይለያል። ስንጥቁ ጥልቅ ካልሆነ ጥርሱን በሽፋን ማዳን ይቻላል።

ሌሎችም ምክንያቶች አሉ። በከሰል ወይም በአሸዋ የሚፍቅ ሰው ጥርሱን ያነጣ ይመስለዋል፤ ሽፋኑን ግን ያሳሳዋል። ሎሚ አዘውትሮ የሚመጥ፣ ለስላሳ መጠጥ የሚያበዛ ሰውም እንዲሁ። በእንቅልፍ ልቡ ጥርሱን የሚያፋጭ አለ፤ እሱ ራሱ አያውቀውም፣ አጠገቡ የተኛ ሰው ነው የሚነግረው። ጉንፋን ይዞን የላይኞቹ መንጋጋዎች ባንድነት ካመሙ፣ ስናጎነብስም ከባሰ፣ የታመመው ከአፍንጫ አጠገብ ያለው ባዶ አጥንት ሊሆን ይችላል። አንድ ደግሞ የሚያስፈራ አለ። ዳገት ስንወጣ የታች መንጋጋችን የሚያመን፣ ስናርፍ የሚተወን ከሆነ ሕመሙ የልብ ሊሆን ስለሚችል ቶሎ ወደ ጤና ጣቢያ እንሂድ።

ሽፋኑ ሳስቶ ወይም ድዱ ሸሽቶ ለሚነዝር ጥርስ ቤት ውስጥ ብዙ ማድረግ ይቻላል። መፋቂያው ጫፉ እስኪለሰልስ ይታኘክ፤ ከድድ ወደ ጥርስ በቀስታ እንጂ ወዲያና ወዲህ እንደ መጋዝ አይጎተት። ሎሚ ከቀመስን በኋላ አፋችንን በውኃ እንጉመጥመጥ፤ ወዲያው ግን አንፋቅ። ለሚነዝር ጥርስ ተብሎ የሚሸጥ የጥርስ ሳሙና አለ፤ ፖታሲየም ናይትሬት የሚባል ነገር አለበት። በቀን 2 ጊዜ ተጠቅመንበት ለውጡ የሚታየው ከ2 እስከ 4 ሳምንት ቆይቶ ነው። በ3 ቀን አልሻለኝም ብለን አንተወው። ፍሎራይድ ያለበት ሳሙናም ሽፋኑን ያጠነክራል። ፍሎራይድ በምንጠጣው ውኃ ሲበዛ ግን ይጎዳል፤ በወንጂና በሌሎች የስምጥ ሸለቆ ቦታዎች የብዙ ሰው ጥርስ ቡናማ የሆነው ከጉድጓድ ውኃ በመጣ ፍሎራይድ ነው። ሳሙናውን ግን ስለምንተፋው አያሰጋንም።

ቅርንፉድ ለጥቂት ሰዓት ያስታግሳል፤ አያድንም። አስፒሪን ይዋጣል እንጂ ድድ ላይ አይደረግም፤ ሥጋውን ያቃጥለዋል። ቤንዚን ወይም የባትሪ ውኃ ጥርስ ላይ ማድረግማ ራስን መመረዝ ነው።

ሌሊት ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ፣ ትኩስ ከጠጡ በኋላ ለብዙ ደቂቃ የሚጠዘጥዝ ጥርስ ነርቩ ታሟልና ሐኪም ዘንድ ይሂድ። ፊት ካበጠ፣ ትኩሳት ካለ፣ መዋጥ ወይም አፍ መክፈት ካስቸገረ ግን የገበያ ቀን እስኪደርስ አይጠበቅም፤ በዚያው ዕለት ወደ ሐኪም ቤት መሄድ ነው።