አንሶላው ወደ አልጋው ይመለስ

ፕሮጀክተር የገዛ ሰው መጀመሪያ የሚያወርደው የአልጋውን አንሶላ ነው። ባሌ ሮቤ ቤቴ እኔም እንደዚያው አድርጌያለሁ። ለተራ ፊልም አይከፋም፤ ለስሪዲ ግን ጉድ ይሠራል።

የስሪዲ ነገር አጭር ነው፦ ለግራ ዓይን አንድ፣ ለቀኝ ዓይን ሌላ ምስል ማድረስ። ጥልቀቱን አእምሯችን ራሱ እንደሚሠራው ቻርልስ ዊትስተን በ1838 እ.ኤ.አ. አሳይቷል። ለቤት ሦስት መንገድ አለ። ቀይና ሰማያዊው መነጽር ርካሽ ነው፤ የትም ግድግዳ ላይ ይሠራል፣ ቀለሙን ግን ያበላሻል። ሁለቱን ዓይን በየተራ የሚጋርደው ባለባትሪ መነጽርም ስክሪን አይመርጥም። ሦስተኛው ፖላራይዝድ ነው፦ ሁለት ፕሮጀክተር፣ በየሌንሱ ፊት የብርሃኑን ንዝረት በየራሱ አቅጣጫ የሚያስይዝ ማጣሪያ፣ ባትሪ የማይፈልግ ቀላል መነጽር። እኔ የምወደው ይኼን ነው፤ አንሶላ የሚገድለውም ይኼንኑ።

«ስክሪን ነጭ ከሆነ በቃ» የሚሉኝ ሰዎች ያናድዱኛል። ብርሃን ጨርቅ ላይ ሲያርፍ ክሩ ውስጥ ገብቶ ወዲያ ወዲህ ይላተማል፤ ገበያ መሃል እንደገባ እንግዳ በየት በኩል እንደመጣ ይጠፋዋል። ማጣሪያው የሰጠው የንዝረት አቅጣጫ ከጠፋ የግራው ምስል ወደ ቀኝ ዓይን ይፈሳል። ብረት ግን ብርሃኑን አቅጣጫውን ሳያስረሳ ይመልሰዋል።

ይህን የተማርኩት ከሳነቴ አምባ ባመጣሁት የጅብራ ተክል ፎቶ ነው። በአንዲት ካሜራ አንዴ አነሳሁ፤ በዓይኖቻችን ርቀት ልክ፣ 6.5 ሴንቲ ሜትር ያህል፣ ወደ ጎን ገፋ አድርጌ ደገምኩ። ጅብራ ታጋሽ ነው፤ ቀይ ቀበሮ እስክትደግሙ አይጠብቃችሁም። አንሶላው ላይ እያንዳንዱ ጅብራ መንታ ሆነ። ጓደኛዬ «መነጽሩን ገልብጬ ነው እንዴ?» አለኝ።

በማግስቱ የብረት ብናኝ ያለበትን፣ የግቢ በር የሚቀባበትን ብርማ ቀለም ገዝቼ ችፑድ ቀባሁ። በሮለር ነው፤ ብሩሽ መስመር ይተዋል። እናንተ ግን መጀመሪያ መዳፍ የምታህል ቁራጭ ቀብታችሁ ሞክሩ፦ የእጅ ባትሪ በአንድ ማጣሪያ አሳልፋችሁ አብሩበት፣ በሌላ ማጣሪያ እያያችሁ ያንን አዙሩት። አንድ ቦታ ላይ ብርሃኑ ድርግም ካለ ቀለሙ ደህና ነው። አንሶላ ላይ የፈለጋችሁትን ያህል ብታዞሩ አይጠፋም።

ብርማው ስክሪንም ጉድለት አለበት፤ መሃሉ ይደምቃል፣ ጥግ ለተቀመጠ ሰው ይጨልማል። ስለዚህ ተጠጋጉ። ደግሞ እባካችሁ ፍራሽ ላይ በጎን ተጋድማችሁ አትዩ፤ ሁለቱ ዓይኖች ጎን ለጎን ካልሆኑ ስሪዲ የለም። መነጽሩንም በነጠላ ጫፍ አትፈትጉት።

የፕሮጀክተሩ ሜኑ ውስጥም «ሃይ አልቲቲውድ» የሚል ካለ አብሩት። ሮቤ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ጎባ ከዚያም ትበልጣለች። አየሩ ስስ ስለሆነ ማራገቢያው ካልፈጠነ መሣሪያው ይግላል።

ጅብራዎቼ አሁን አንድ አንድ ሆነው፣ ከኋላቸው ሜዳው እየራቀ፣ ችፑዱ ላይ ቆመዋል። አንሶላው ታጥቦ ወደ አልጋው ተመልሷል።