ያውቁ ኖሯል? ከመካ ከፍ ብሎ የሐበሻ ጥድ ይበቅላል!

ያውቁ ኖሯል? የጅዳ አስፋልት በሐምሌ ሲፋጅ፣ መካም በድንጋያማ ኮረብቶቿ መካከል ስትግል፣ ከሁለቱም ከተሞች በመኪና ጥቂት ሰዓት ብቻ ርቆ የጥድ ደን አለ! እዚያው የመካ ክልል ውስጥ፣ ከጣኢፍ ከተማ በላይ በሸፋ ተራራ፣ ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ!

የትኛው ጥድ መሰለዎት? የኛው ነው! መናገሻ ላይ፣ በየቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ግቢ የሚያውቁት የሐበሻ ጥድ! ከቀይ ባሕር ወዲህም ወዲያም ያለው ያው አንድ ዝርያ ነው። ዐረቦቹ ዐርዐር ይሉታል።

እ.ኤ.አ. በ615 የነቢዩ መሐመድ ተከታዮች ከመካ ተሰደው ባሕር ተሻግረው ወደ አክሱም መጡ። ደጋው ላይ የጠበቃቸው ጥድ በጣኢፍ ተራሮች የሚበቅለው ያው ጥድ ነበር! አገሩ ባዕድ፣ ዛፉ ዘመድ!

ዘመዱ ዛፉ ብቻም አይደለም! ወደ ጣኢፍ በሚያወጣው የሀዳ ጠመዝማዛ መንገድ ዳር ቁጭ ብለው መንገደኛ የሚጠብቁት ባለ ጋማ ዝንጀሮዎች፣ አዋሽ ፓርክ ከሚያዩዋቸው ጋር አንድ ዝርያ ናቸው!

በዓለም ላይ ከ50 የሚበልጡ የጥድ ዓይነቶች አሉ። ከእነዚህ ሁሉ የምድር ወገብን አቋርጦ ወደ ደቡብ የዘለቀው ይኸው ጥድ ብቻ ነው! ከጣኢፍ ይነሣል፣ ዚምባብዌ ይደርሳል!

አሁን ወደ ገላው ጠጋ ይበሉ። ጥድ አበባ የለውም! አብቦ አያውቅም፣ አያብብምም! ዘራቸው በእውነተኛ ፍሬ ሳይሸፈን ራቁቱን ከሚያድገው ከጂምኖስፐርም ወገን ነው።

ታዲያ ያቺ ወፎች የሚለቅሟት ሰማያዊ ፍሬ ምንድን ናት? ፍሬ አይደለችም! ዘሩን የያዙት ቅርፊቶች ወፍረው፣ ሥጋ አውጥተው፣ እርስ በርስ ተጣብቀው ነው እንዲያ ድቡልቡል ያሉት! ወፉ ግን ለዚህ ግድ የለውም፤ ሥጋዋን ይበላል፣ ዘሩን በየገደሉ ይበትናል።

ጥድ ወንድና ሴት አለው! በአብዛኛው አንዱ ዛፍ ወንዴ ብቻ፣ ሌላው ሴቴ ብቻ ነው። ሰማያዊ ድቡልቡሎች ያዘለ ጥድ ካዩ እናቲቱን አገኙ ማለት ነው!

ንብ ሳይጠራ፣ ሽታ ሳይረጭ እንዴት ይዋለዳል? በጠብታ! ገና ያልዳበረው ዘር በጫፉ ካለች ደቃቅ ቀዳዳ አንዲት ስኳር አዘል የፈሳሽ ጠብታ ያወጣል። ነፋስ ያመጣው የወንዴ ብናኝ ጠብታዋ ላይ ያርፋል። ከዚያ ጠብታዋ ብናኙን እንደያዘች ወደ ውስጥ ትሰበሰባለች! ብናኝ ካልመጣስ? ለቀናት ትጠብቃለች! ሸፋ ተራራ ላይ ነፋስ ሲነፍስ ይህ ሁሉ ከራስዎ በላይ እየተካሄደ ነው፤ በዓይንዎ ግን ምንም አያዩም።

ይህንንስ ያውቁ ኖሯል? አበባ ያላቸው ተክሎች ለሽሉ ስንቅ የሚያዘጋጁት ከፅንሱ በኋላ ነው። ጥድና ዘመዶቹ ግን ስንቁን አስቀድመው ያከማቻሉ፤ ሙሽራው መምጣቱ ሳይታወቅ ድግሱ እንደተደገሰ ማለት ነው!

በአንዲት ዘር ውስጥ ብዙ ጊዜ በርከት ያሉ ሽሎች ይጀመራሉ! አድጎ የሚበቅለው ግን አብዛኛውን ጊዜ አንዱ ብቻ ነው።

እርስዎ በህዋስዎ ውስጥ ያለውን ማይቶኮንድሪያ የወረሱት ከእናትዎ ነው። ጥድ በሚመደብበት ቤተሰብ ውስጥ ግን ነገሩ ይገለበጣል! ብርሃንን ወደ ምግብ የሚለውጠው ክሎሮፕላስትም፣ ጉልበት የሚያመነጨው ማይቶኮንድሪያም ከአባት እንደሚወረስ በተመረመሩት የቤተሰቡ ዛፎች ታይቷል! ይህን ባሰብኩ ቁጥር እደነቃለሁ።

ከዚህም የሚያስደንቅ አለ! በአልጄሪያ ሰሃራ፣ በታሲሊ ተራሮች፣ ወደ 230 ያህል ብቻ የቀሩ የጥድ ዘመዶች አሉ። በእነዚህ ዛፎች የአባትየው ብናኝ ብቻውን ሽል ይሆናል! እናት የምትሰጠው ማደሪያና ምግብ ነው፤ ከዘር ውርሷ ምንም አይገባበትም! ይባስ ብሎ ብናኙ የሌላ ዝርያ እናት ማሕፀን ውስጥ ገብቶም የራሱን ልጅ አስወልዷል። ልጁ መቶ በመቶ አባቱን ነው!

እንጨቱን ይሰንጥቁት። ዋርካና ባሕር ዛፍ ውኃ የሚያሳልፉበት ረጃጅም ቧንቧ አላቸው፤ ጥድ የለውም! ውኃ ከሥር እስከ ጫፍ የሚወጣው ከአንዷ ቀጭን ህዋስ ወደ ሌላዋ በጥቃቅን ቀዳዳዎች እያለፈ ነው! ያችው ህዋስ ዛፉን ቀጥ አድርጋ የምታቆምም ናት።

እያንዳንዷ ቀዳዳ መዝጊያ አላት! በድርቅ ጊዜ አየር ወደ አንዷ ህዋስ ቢገባ መዝጊያው ይለጠፍና አየሩ ወደ ጎረቤት እንዳያልፍ ያግደዋል። ጥድ የዓረቢያን ድርቅ የተቋቋመበት አንዱ ምሥጢር ይኸው ነው!

እንዲህም ሆኖ በጣኢፍና በዐሲር ተራሮች ብዙ ጥዶች ከጫፋቸው ጀምሮ እየደረቁ ነው። እጅግ ያሳዝናል!

የጥድ ልጅ አባቱን አይመስልም! ችግኙ የሚወጋ መርፌ ቅጠል አለው፤ ሲያድግ ቅጠሉ ደቃቅ ቅርፊት ሆኖ ቅርንጫፉ ላይ ይለጠፋል።

መናገሻ ያለው ጥንታዊ ደን ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ከወፍ ዋሻ ደን ባስመጡት የጥድ ዘር በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን እንደተተከለ ይነገራል! ችግኝ ተከላ እንግዲህ የትናንት ነገር አይደለም።

ዝግባም ከዚሁ ከጂምኖስፐርም ወገን ነው! ያ ሁሉ ግዙፍ ዛፍ፣ አንዲትም አበባ ሳያወጣ!

አዲስ አበባ ዙሪያ የተተከለው ፓቱላ የሚባል ዛፍም የዚሁ ወገን ነው፤ የመጣው ከሜክሲኮ ነው። ብናኙ ግራና ቀኝ ሁለት የአየር ከረጢት አለው! በነፋስ ሲንሳፈፍ ቢያዩት! ብናኙ ከደረሰ በኋላም ፅንስ እስኪፈጠር አንድ ዓመት ገደማ ያልፋል።

በጅዳ ቪላዎች ደጃፍ አጠር ያለ፣ ቅጠሉ የሚያብረቀርቅ የዘንባባ መሳይ ተክል አይተው ከሆነ ተታለዋል! ሳይካስ ይባላል፤ ከተምርም ከዘንባባም ጋር አይዛመድም። ከጥድ ወገን ነው! ብርቱካናማ ዘሮቹን ቅጠል መሳይ ክፍሎች ጠርዝ ላይ ደርድሮ ያሳያል። ዘሩ መርዛማ ነውና ልጆች ወደ አፋቸው እንዳያስገቡ ይጠንቀቁ!

የሳይካስ ወንዴ ዘር ይዋኛል! አዎን፣ እንደ እንስሳ! እ.ኤ.አ. በ1896 ጃፓናውያኑ ሂራሴ በጊንጎ ዛፍ፣ ኢኬኖ ደግሞ በሳይካስ ይህን ዋናተኛ ዘር አገኙ። በሳይካስ ዘመዶች ዘንድ መጠኑ እስከ 0.4 ሚሊ ሜትር ይደርሳል፤ ያለ ማጉያ መነጽር ይታያል! የሚቀዝፍባቸው ፀጉሮችም በአሥር ሺዎች ይቆጠራሉ!

የሳይካስ ዘመዶች ኮናቸውን፣ ማለትም ብናኝ ወይም ዘር የሚይዙበትን አካል፣ ያሞቃሉ! ሙቀቱ ሽታውን ያተናል፣ ጥንዚዛዎቹም ይመጣሉ። የአንዳንዶቹ ኮን ብቻውን ከ30 ኪሎ በላይ ይመዝናል!

እ.ኤ.አ. በ1895 በደቡብ አፍሪካ ንጎዬ ደን የአንድ ሳይካስ ዘመድ ወንዴ ተክል ተገኘ። ሴቴዋ እስከ ዛሬ አልተገኘችም! በዓለም ያሉት ሁሉ ከእርሱው ጉንቁል የተባዙ ወንዶች ናቸው።

ጂምኖስፐርሞች በዝርያ ቁጥር 1,000 ገደማ ብቻ ናቸው፤ አበባ ያላቸው ከ300,000 በላይ! ግን የዓለምን ረጅም ዛፍ ይጠይቁ፤ ካሊፎርኒያ ውስጥ 116 ሜትር ገደማ የቆመ ጂምኖስፐርም! ዕድሜ ይጠይቁ፤ እዚያው ካሊፎርኒያ ከ4,800 ዓመት በላይ የኖረ ጂምኖስፐርም!

ወደ ዓረቢያ በረሃ ይመለሱ። አሸዋው ላይ ዐለንዳ የሚባል ቁጥቋጦ አለ፤ ኤፌድራ ነው፣ እርሱም ጂምኖስፐርም! ቅጠል አለው ለማለት ያስቸግራል፤ ምግቡን የሚሠራው በአረንጓዴ ግንዱ ነው! የታፈነ አፍንጫና ደረት የሚከፍተው ኤፌድሪን የተባለው መድኃኒት እ.ኤ.አ. በ1885 የተለየው ከዚሁ ዘር ከቻይናዊ ዘመዱ ነው።

በሜዲትራኒያን ያለ አንድ የኤፌድራ ዓይነት ጠብታውን የሚያወጣው በሐምሌ ጨረቃ ሙሉ ስትሆን እንደሆነ ተዘግቧል! ጠብታዎቹ በጨረቃ ብርሃን ያብለጨልጫሉ፤ የሌሊት ነፍሳት ይጎርፋሉ!

እ.ኤ.አ. በ1990 ደግሞ የኤፌድራ ሌላ ጉድ ተጋለጠ። ከአንድ ብናኝ የሚወጡት ሁለቱ የወንዴ ዘሮች ሁለቱም ይፀንሳሉ! በአበባ ተክሎች ሁለተኛው የሽል ምግብ ይሆናል፤ በኤፌድራ ግን ሁለተኛውም ሽል ነው!