ዳገት በብስክሌት፦ ትንፋሽዎን ያዳምጡ

የማጃንግ ዞን ዋና ከተማ በሆነችው መቲና በዙሪያዋ ብስክሌት የሚነዳ ሰው ዳገትና ቁልቁለትን ማለፉ አይቀርም። ሜዳውን እንደ ዘበት የነዳ ሰው ዳገቱ ሥር ሲደርስ ቶሎ ለመገላገል ባለ በሌለ ጉልበቱ ይረግጣል። ችግሩ የሚጀምረውም እዚህ ላይ ነው።

ጡንቻ ከሚጠቀመው ኃይል ፔዳሉን የሚገፋው ሩብ ያህሉ ብቻ ሲሆን፣ የቀረው ወደ ሙቀት ይለወጣል። ሜዳ ላይ ንፋሱ ላብዎን እያደረቀ ያቀዘቅዝዎታል። ዳገት ላይ ግን ፍጥነትዎ ከእግረኛ ብዙም ስለማይበልጥ ንፋሱን አያገኙም። እንደ መቲ ባለ ደናማና እርጥበት ያለው ሥፍራ ደግሞ ላብ ይንጠባጠባል እንጂ ቶሎ አይደርቅም። በዚህ ጊዜ ልብ ሥራ ይደራረብበታል፤ ለጡንቻም፣ ሙቀቱን ለማስወጣት ወደ ቆዳም ደም መርጨት ይኖርበታል።

ስለዚህ የሚከተሉትን ያስተውሉ። ዳገት የሚወጡት በማለዳ ወይም ፀሐይ ከበረደች በኋላ ይሁን። ከመነሳትዎ በፊት ውኃ ይጠጡ፤ በመንገድም ጥም እስኪያቃጥልዎ ሳይጠብቁ ጥቂት በጥቂት ይጎንጩ። ብስክሌቱ ማርሽ ካለው ዳገቱ ከመጀመሩ በፊት ወደ ቀላሉ ይቀይሩ። ኮርቻው በጣም ዝቅ ካለ ጉልበትዎን ያሳምማል፤ ፔዳሉ ታች ሲደርስ እግርዎ ሊዘረጋ ጥቂት የቀረው መሆን አለበት።

መጠንዎን የሚያውቁት በንግግር ነው። እየነዱ አጭር ዓረፍተ ነገር መናገር ከቻሉ አካሄድዎ ደህና ነው። አንድ ቃል ለማውጣት የሚያለከልኩ ከሆነ ግን ይውረዱና ብስክሌቱን ይግፉ። ወርዶ መግፋት ነውር አይደለም፤ በተለይ ጭነት ለያዘ ሰው ብልህነት ነው።

የደረት ሕመም ወይም መጨነቅ፣ ራስ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ ወይም ግራ መጋባት ከተሰማዎት ወዲያውኑ ያቁሙ። ጥላ ሥር ይረፉ፣ ልብስዎን ያላሉ፣ ሰውነትዎን በውኃ ያርጥቡ። የደረት ሕመም ወይም ግራ መጋባት ከሆነ ግን "ይተወኛል" ብለው አይጠብቁ፤ ሰው ጠርተው ወደ ጤና ተቋም ይሂዱ። የደም ግፊት፣ የልብ ወይም የስኳር ሕመም ያለብዎ ከሆነ አስቀድመው ባለሙያ ያማክሩ። ወባ ባለበት አካባቢ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት ከተሰማዎት ደግሞ ድካም ነው ብለው አይለፉት፤ ብስክሌቱን ትተው ይመርመሩ።

ዳገቱ ካለቀ በኋላ ቁልቁለቱ አለ። የደከመ ሰው እጁም ዓይኑም ይዘገያል። ስለዚህ ጫፍ ላይ ቆመው ትንፋሽዎን ይሰብስቡ፣ ሁለቱንም ፍሬን ይፈትሹ፣ ከዚያ በዝግታ ይውረዱ።

የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂዎች በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ የአካል እንቅስቃሴ ይመክራል። በልኩ የሚነዳ ብስክሌት ይህን ያሟላል፤ በየሳምንቱ ጥቂት እየጨመሩ ሲሄዱም የትናንቱ አስቸጋሪ ዳገት እየቀለለዎት ይመጣል።