የክረምት ዝናብን መግቢያና መውጫ የሚወስነው የነፋሳት መገናኛ

በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ የዕለቱን የአየር ጠባይ በአብዛኛው የሚለዋውጠው ቀዝቃዛና ሞቃት አየር የሚገናኙበት ግንባር ነው። በኢትዮጵያ ግን ይበልጥ ወሳኙ ከደቡብና ከደቡብ ምዕራብ የሚመጣው እርጥበት አዘል ነፋስ ከሰሜን ምሥራቁ ደረቅ ነፋስ ጋር የሚገናኝበት የሐሩር ክልል መስመር ነው።

ይህ መስመር የፀሐይን ጉዞ ተከትሎ በየዓመቱ ይመላለሳል። በጥር ከምድር ወገብ በስተደቡብ ይገኛል። ከመጋቢት እስከ ግንቦት ወደ ሰሜን ሲያቀና ለቦረናና ለሶማሌ አካባቢዎች ዋነኛውን ዝናብ ያስገኛል፤ በሐምሌና በነሐሴ እስከ ሰሜኑ የአገሪቱ ክፍል ይዘልቃል፤ በጥቅምትና በኅዳር ሲመለስ ለደቡቡ ሁለተኛውን ዝናብ ይሰጣል። በመሆኑም ለጎጃም ገበሬ የዝናብ ወቅት የሆነው ክረምት ለቦረና አርብቶ አደር ደረቅ ወቅት ነው።

ክረምቱ ከምዕራብና ከደቡብ ምዕራብ ተነስቶ ወደ ምሥራቅና ወደ ሰሜን ይስፋፋል፤ ሲወጣም አስቀድሞ የሚለቀው ሰሜኑንና ሰሜን ምሥራቁን ነው። በኢሉባቦር ለወራት የሚዘልቀው ዝናብ በትግራይ፣ በዋግ ኽምራና በሰሜን ወሎ የሚቆየው ለአጭር ጊዜ ነው። በእነዚህ አካባቢዎች ዝናቡ ዘግይቶ ገብቶ ቀድሞ ከወጣ፣ በመካከል የጣለው ከባድ ዝናብ የወቅቱን ድምር ቢሞላው እንኳ ጤፉና ማሽላው ፍሬ ሳይዝ ይቀራል።

በፓስፊክ ውቅያኖስ የላይኛው ውኃ ሲሞቅ፣ ማለትም ኤልኒኖ ሲከሰት፣ ክረምቱ ብዙውን ጊዜ ይዳከማል። በ2007 ዓ.ም. ክረምት ይኸው በመድረሱ በ2008 ዓ.ም. የምግብ ድጋፍ ያስፈለጋቸው ዜጎች 10 ነጥብ 2 ሚሊዮን ደርሰው ነበር። ላኒና በአንጻሩ ደቡቡን ይጎዳል፤ ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በቦረና አምስት ተከታታይ የዝናብ ወቅቶች ሳይሰምሩ ቀርተዋል።

የኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት የወቅት ትንበያውን ከመደበኛ በላይ፣ መደበኛ እና ከመደበኛ በታች በሚሉ ደረጃዎች ያወጣል። «መደበኛ» የሚባለው ከዚያው ቦታ የረጅም ዓመታት አማካይ ጋር ተነጻጽሮ በመሆኑ ለአፋር መደበኛ የሆነው ለጎሬ ድርቅ ነው። ይህን አንድ ቃል ብቻ አንብቦ መግለጫውን ወደ መዝገብ ቤት የሚመራ ኃላፊ ግማሹን እንኳ አላነበበም። ቶሎ የሚደርስ ዘር ለየትኛው ወረዳ መቅረብ እንዳለበት የሚጠቁመው ዝናቡ የሚገባበትና የሚወጣበት ጊዜ ነው።

የሰሜኑ ንፍቀ ክበብ የአየር ሥርዓትም ቢሆን አልፎ አልፎ በበጋ ወደ ደቡብ ዘልቆ ወቅቱን ያልጠበቀ ዝናብ ያስከትላል። ይህ በጥቅምትና በኅዳር ሲደርስ የሚያገኘው የታጨደና ገና ያልተከመረ ሰብል ነው። በዚያን ጊዜ ወደ ቀበሌ ፈጥኖ መድረስ ያለበት የየአሥር ቀኑ ትንበያ ነው።