ወፍራም ድምፅ ምን ያስከፍላል? ለመኪና የሚሆን ሳብዉፈር ስለ መምረጥ

(ለሕዝብ ክፍት በሆነ መርሐ ግብር በአሶሳ ከቀረበ ገለጻ ወደ ጽሑፍ የተመለሰ)



የዛሬውን ርእስ የሰጠኝ አንድ የባጃጅ አሽከርካሪ ነው። ከመሀል ከተማ ወደ ግቢ ሲያመጣኝ ከመቀመጫው ጀርባ ያስገጠመውን ትልቅ ሣጥን አየሁና ስለ እርሱ ጠየቅሁት። «1200 ዋት ነው ተብሎ ተሸጠልኝ፤ ድምፁ ግን ከድሮው ያን ያህል አልተሻለም፤ ጭራሽ ጠዋት ጠዋት ሞተሩ አልነሳ ይለኛል» አለኝ። የከፈለውን ገንዘብ ሲነግረኝ ደነገጥሁ። ያን ብር ለማግኘት በአስፋልትና በኮረኮንች ላይ ብዙ ወር ተመላልሷል። ሻጩ ዋሽቶት ይሆናል፣ ላይሆንም ይችላል፤ እኔን ያሳሰበኝ ግን ገዢው ዋት ከሚለው ቃል በቀር የሚጠይቀው ነገር አለማወቁ ነው። በእኔ እምነት ካርቶኑ ላይ የተጻፈው ዋት የመጨረሻው መመዘኛ መሆን ይገባዋል። ከእርሱ በፊት መኪናው፣ ሣጥኑና ኤሌክትሪኩ ይቀድማሉ።

ነገሩን ከሩቅ አልጀምርም፤ ከዚሁ ከክልላችን ልጀምር። የበርታ ሕዝብ ዋዛ ስሙ በአማርኛ ቀልድ ከሚባለው ዋዛ ጋር ቢገጥምም ፈጽሞ ቀልድ ያልሆነ ጥበብ ነው። ከቅል እየተገጣጠመ የሚሠራ ረጅም መለከት ሲሆን የሚነፋውም በቡድን ነው። እያንዳንዱ መለከት የራሱን አንድ ድምፅ ይዞ ይቆማል፤ ዜማው የሚገኘው ሁሉም በየተራቸው ሲገቡ ነው። አጭሩ ቀጭኑን፣ ረጅሙ ወፍራሙን ይናገራል። ዋዛ ሠሪው አጭር ቅል ይዞ ወፍራም ድምፅ ለማውጣት አይደክምም፤ ወፍራም ድምፅ ቦታ እንደሚፈልግ ያውቃልና። የመኪና ሙዚቃ ገበያ የሚዘነጋው ይህንኑ ነው።

ምክንያቱ ይህ ነው። ሙቀቱ 25 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲሆን ድምፅ በአየር ውስጥ በሰከንድ 346 ሜትር ያህል ይጓዛል። በሰከንድ 1000 ጊዜ የሚርገበገብ ድምፅ፣ ማለትም የ1000 ኸርዝ ድምፅ፣ የሞገዱ ርዝመት 35 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። የ40 ኸርዝ ድምፅ ሞገድ ግን ከ8 ሜትር ተኩል ይበልጣል። ስፒከር ድምፅ የሚፈጥረው አየር በመግፋት ሲሆን፣ እዚህ ላይ አንድ ጨካኝ ሕግ አለ፤ ድግግሞሹ በግማሽ በቀነሰ ቁጥር ያንኑ የድምፅ መጠን ለማግኘት የሚገፋው አየር አራት እጥፍ መሆን አለበት። ከ80 ኸርዝ ወደ 40 ኸርዝ ስንወርድ፣ ኮኑ ወይ የሚመላለስበትን ርቀት አራት እጥፍ ያደርጋል፣ ወይ ስፋቱ በዚያው ልክ ይጨምራል። በር ላይ የተገጠመችው ትንሽ ስፒከር ቤዙ ከፍ ሲደረግባት የምትንቋቋውና በመጨረሻም የምትቀደደው በዚህ የተነሣ ነው። ጥፋቱ የእርሷ አይደለም፤ ያለ ዐቅሟ ታዘዘች።

ምን ያህል ዝቅ ማለት ያስፈልጋል? የቤዝ ጊታር በተለመደው ቅኝቱ እጅግ ወፍራሙ ክር 41 ኸርዝ ገደማ ነው። ስለዚህ በባንድ የተጫወተ ዘፈንን በሙሉ አካሉ ለመስማት እስከ 40 ኸርዝ በቅጡ የሚወርድ ስፒከር ይበቃል። ከዚያ በታች ያለው ድምፅ የሚበዛው በኮምፒውተር በሚቀናበር ሙዚቃ ነው። ሻጭ «እስከ 20 ኸርዝ ይወርዳል» ሲላችሁ፣ ለማትሰሙት ዘፈን እንዳትከፍሉ ተጠንቀቁ።

በመጠን ረገድ የ12 ኢንች ኮን ከ10 ኢንቹ በስፋት ወደ 44 በመቶ ይበልጣል፤ የሚጠይቀው ሣጥንም አብዛኛውን ጊዜ ይገዝፋል። ከመጠን ይልቅ ግን ማንም የማያነበው ሌላ ቁጥር አለ፤ እርሱም ስፒከሩ በ1 ዋት፣ በ1 ሜትር ርቀት ስንት ዴሲቤል እንደሚሰጥ የሚገልጸው ነው። በዚህ ቁጥር በ3 ዴሲቤል የሚበልጥ ስፒከር ያንኑ ድምፅ በግማሽ ዋት ይሰጣል። እንግዲህ አስሉት፤ 90 ዴሲቤል የተጻፈበት ስፒከር በ100 ዋት የሚያደርገውን፣ 84 የተጻፈበት የሚያደርገው በ400 ዋት ነው። «ባለ ብዙ ዋት» የተባለው ዕቃ አንዳንድ ጊዜ ብዙ የሚበላ እንጂ ብዙ የሚሰጥ አይደለም።

አሁን ወደ ሣጥኑ እንለፍ፤ ብዙ የምቆየውም እዚህ ነው። ኮኑ ፊት ለፊት ያለውን አየር ሲገፋ ከኋላው ያለውን ይስባል። ሁለቱ ከተገናኙ ይጠፋፋሉ። ሣጥኑ የሚያስፈልገው በመጀመሪያ ሁለቱን ለመለየት ነው። ነገር ግን ሥራው ግድግዳ በመሆን አያበቃም። በ1954 እ.ኤ.አ. አሜሪካዊው ኤድጋር ቪልቸር፣ በዝግ ትንሽ ሣጥን ውስጥ የታፈነው አየር ራሱ እንደ ሞላ ሆኖ ኮኑን ሊመልሰው እንደሚችል አሳየ። በ1961 እ.ኤ.አ. ደግሞ አውስትራሊያዊው ኔቪል ቲሌ ቀዳዳ ላላቸው ሣጥኖች የሚሆን ስሌት አወጣ፤ ሪቻርድ ስሞል በ1970ዎቹ መጀመሪያ ሥራውን አሰፋው። ዛሬ ከጥሩ ስፒከር ጋር በወረቀት የሚመጡት ቁጥሮች በእነዚህ በሁለቱ ሰዎች ስም ይጠራሉ። ለአንድ ስፒከር ስንት ሊትር ሣጥን እንደሚስማማው የሚነግሩን እነርሱ ናቸው። ይህ ወረቀት የሌለው ስፒከር ልኩ ሳይታወቅ እንደሚሰፋ ልብስ ነው።

ዝግ ሣጥን ትንሽ ቦታ ይይዛል፣ ድምፁም ጥርት ያለ ነው፤ ስሕተትንም ይታገሣል። ቀዳዳ ያለው ሣጥን በባዶ ጠርሙስ አፍ ላይ ስንነፋ በሚሰማው ድምፅ ሥርዓት ይሠራል፤ በተቃኘበት ድግግሞሽ አካባቢ በተመሳሳይ ዋት የበለጠ ድምፅ ይሰጣል። ነገር ግን ከተቃኘበት በታች ሲወርድ ኮኑን የሚይዘው አየር የለም፤ ልጓሙ እንደ ተፈታ ፈረስ ይሆናል፤ ብዙ ስፒከርም የሚሞተው እዚያ ነው። የቀዳዳው ርዝመትና ስፋት ተሰልቶ ካልተሠራ በስተቀር እኔ ዝግ ሣጥን እመርጣለሁ፤ በግምት የተበሳ ሣጥን አይቼ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ስለ እንጨቱ አንድ ነገር ልጨምር። ዝናባችን ከግንቦት እስከ ጥቅምት የሚዘልቅ ነው። ቺፕቦርድ እርጥበት ሲያገኘው ያብጣል፣ ብሎኑም ይላቀቃል፤ ወፍራም ኮምፖልሳቶ ይሻላል። በየመገጣጠሚያው አየር የሚያፈስ ሣጥን ዝግ ሣጥን አይባልም። ከተማሪዎቼ አንዱ «በቀርከሃ ብንሠራውስ?» ብሎኛል። በቆላ ቀርከሃ በታወቀ ክልል የሚጠበቅ ጥያቄ ነው። እንደ ሰሌን የተሠራ ቀርከሃ አየር ያሳልፋል፣ ይንቋቋልም፤ ተሰንጥቆ፣ ተልጎ፣ በሙጫ ተጣብቆ ሳንቃ የሆነ ቀርከሃ ግን ጠንካራ ነው። የመመረቂያ ሥራ የሚፈልግ ካለ በሬ ክፍት ነው።

ሦስተኛው መኪናው ራሱ ነው። በዝግ መኪና ውስጥ የሞገዱ ግማሽ ከመኪናው ውስጣዊ ርዝመት ሲበልጥ፣ ድምፁ አየሩን ሁሉ በአንድነት መጭመቅ ይጀምራል፤ በዚህም ወፍራሙ ድምፅ በነጻ ይጨምራል። ርዝመቱ 2 ሜትር በሆነ እንደ ቪትዝ ባለ ትንሽ መኪና ይህ ከ86 ኸርዝ ገደማ፣ 4 ሜትር ውስጥ ባለው ሚኒባስ ከ43 ኸርዝ ገደማ ወደ ታች ይጀምራል። ስለዚህ ለትንሽ ዝግ መኪና አንድ ባለ 10 ኢንች ስፒከር በዝግ ሣጥን አብዝቶ ይበቃል። ባጃጅ ግን ጎኑ ክፍት ነው። የሚታመቅ አየር የለም፤ ወፍራሙ ድምፅ ሲወጣ ወዲያው ወደ መንገዱ ይበተናል። ለዚያ ወንድማችን የነገርሁት፣ እሱም ያልወደደው ምክር ይህ ነው፤ ለባጃጅ ሳብዉፈር አይገዛም። በጥሩ ሣጥን የተገጠሙ፣ ዴሲቤላቸው ከፍ ያለ ሁለት ባለ 6 ኢንች ተኩል ስፒከሮች በጥቂት ዋት የበለጠ ያስደስታሉ።

ወደ ኤሌክትሪኩ ስመጣ፣ ከዛሬው ገለጻ አንድ ነገር ብቻ ይዛችሁ የምትሄዱ ከሆነ ይህን ያዙ፤ ዋቱን ሳይሆን ፊውዙን አንብቡ። የመኪና ቮልት ሞተሩ ሲሠራ ከ13 ተኩል እስከ 14 ተኩል ነው። አምፕሊፋየሩ ጎን ላይ ያለችው ፊውዝ 30 አምፒር ካለች፣ በ13.5 ቮልት ስናባዛው 405 ዋት ይገባል ማለት ነው። ከሚገባው ሩቡ ሙቀት ሆኖ ቢጠፋ፣ ለስፒከሩ የሚደርሰው 300 ዋት ያህል ነው። ያው ዕቃ 1200 ዋት ያለማቋረጥ ቢሰጥ ኖሮ ወደ 118 አምፒር በጎተተ ነበር፤ ፊውዟም በዚያው ቅጽበት በተቃጠለች። ካርቶኑ ላይ በትልቁ የተጻፈው ለአፍታ ብልጭ የሚለውን ጫፍ ነው፤ እናንተ የምትፈልጉት «አር.ኤም.ኤስ.» ተብሎ በትንሹ የተጻፈውን ነው።

ሽቦም ይቈጠራል። ከባትሪ እስከ ኋላ 5 ሜትር የሚሄድ 4 ካሬ ሚሊ ሜትር የመዳብ ሽቦ 40 አምፒር ሲያልፍበት ወደ 0.9 ቮልት ይበላል፤ በ16 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ ግን 0.2 ገደማ ብቻ። በገበያ ላይ መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም እንደ መዳብ ይሸጣል፤ በቢላ ጫር አድርጋችሁ ነጭ ከሆነ ዕወቁት። ከሁሉም በላይ በዋናው ሽቦ ላይ፣ ከባትሪው ራስ ከአንድ ክንድ ባልራቀ ቦታ፣ ሽቦው በሚችለው ልክ የሆነ ፊውዝ ይግባ። አምፕሊፋየሩ ላይ ያለው ፊውዝ ዕቃውን እንጂ ሽቦውን አይጠብቅም፤ ሽቦው በመንገዱ መንቀጥቀጥ ተልጦ አካሉን ቢነካ የሚነደው መኪናው ነው። ሃያ ሰው የጫነ ሚኒባስ አስቡ።

ስለ ጆሮ አጭር ቃል። በሥራ ቦታ የተለመደው የጥንቃቄ ወሰን በ85 ዴሲቤል 8 ሰዓት ሲሆን፣ በየ3 ዴሲቤሉ ጊዜው በግማሽ ይቀንሳል፤ በ100 ዴሲቤል 15 ደቂቃ ይቀራል። ተሳፋሪው ወርዶ ይሄዳል፤ ሾፌሩና ረዳቱ ግን ቀኑን ሙሉ እዚያው ናቸው።

*ከታዳሚ የቀረበ ጥያቄ፦ «መምህር፣ ሙዚቃው ሲጨምር መብራቱ ይደበዝዛል። ሁለተኛ ባትሪ ብጨምር ይፈታል?»*

ወንድሜ፣ ባትሪ እንስራ ነው፤ ምንጩ ዲናሞው ነው። ምንጩ ከሚያፈልቀው በላይ የምትቀዳ ከሆነ፣ ሁለተኛ እንስራ ማስቀመጥ ባዶ የሚሆንበትን ሰዓት ያዘገይ እንጂ አያስቀረውም። ባትሪ ከመግዛትህ በፊት ቴስተር ተዋስ። ሞተሩ እየሠራ፣ መብራቱ በርቶ፣ ሙዚቃው ከፍ ብሎ ሳለ በባትሪው ራስ ላይ ለካ፤ ቀጥሎ በአምፕሊፋየሩ መግቢያ ላይ ለካ። ባትሪው ላይ 14 ሆኖ አምፕሊፋየሩ ላይ 12 ከሆነ ጥፋቱ የሽቦው ወይም የመገጣጠሚያው ነው፤ በጥቂት ብር ይስተካከላል። ባትሪው ራሱ ላይ ከ13 በታች ከወረደና ዲናሞው ጤነኛ ከሆነ፣ አምፕሊፋየሩ ለመኪናህ በዝቷል፤ አነስ ባለው ለውጠው።