ሒስና ክብረ ነክ ቃል፦ በሥነ ጽሑፍ ክበብ ውስጥ ሁለቱን ስለ መለየት

መግቢያ

የሥነ ጽሑፍ ክበብ የሚቋቋመው ለነጥብ ወይም ለሰርተፊኬት አይደለም። ተማሪው ከክፍል ውጪ በትርፍ ጊዜው የጻፈውን ይዞ ይመጣል፣ ያነባል፣ አስተያየት ሰምቶ ይመለሳል። እንዲህ በፍላጎት ብቻ በሚሰበሰብ ማኅበር ውስጥ ሁለት ነገሮች ሁልጊዜ ያስቸግራሉ። አንደኛው ፊት ለፊት የሚነገር ሒስ ነው። ሁለተኛው ሰውንና ሕዝብን የምንጠራባቸው ቃላት ጉዳይ ነው። በዚህች አጭር ጽሑፍ ሁለቱ የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን፣ ሲደባለቁ ምን እንደሚያስከትሉና እንዴት ብንይዛቸው እንደሚሻል ለማስረዳት እሞክራለሁ። የምነሳው ከራሴ ስህተት ነው።

ስለ ትየርኪዲ የጻፍኩት ታሪክ

ትየርኪዲ በጋምቤላ ክልል በኢታንግ ልዩ ወረዳ የሚገኝ የስደተኞች መጠለያ ነው። በታኅሣሥ 2006 ዓ.ም. በደቡብ ሱዳን ጦርነት ከተቀሰቀሰ በኋላ በዚያው ዓመት በየካቲት ወር የተከፈተ ሲሆን አብዛኞቹ ነዋሪዎቹ የኑዌር ተወላጆች ናቸው። እኔ ደገኛ ነኝ፤ ጋምቤላ ውስጥ ከመሐልና ከሰሜን አገር ለመጣ ሰው የተለመደው መጠሪያ ይኸው ነው። ለግማሽ ቀን ያህል ትየርኪዲን አይቼ ተመለስኩና አንድ አጭር ልብ ወለድ ጻፍኩ። ዋናው ገጸ ባሕሪ ከጦርነቱ ሸሽቶ የመጣ አንድ ወጣት ነው። በአንድ ሌሊት ጨረስኩት፤ ስጽፍም አልቅሻለሁ። ስለዚህ ጥሩ ሥራ እንደሆነ አልተጠራጠርኩም።

በክበባችን አንብቤ ስጨርስ ግን አንድ የኑዌር ተወላጅ የሆነ ጓደኛችን እጁን አወጣ።

«እኔ የምልህ፣» አለኝ፣ «ይሄ ልጅ ስም የለውም እንዴ? ስደተኛው መጣ፣ ስደተኛው ተቀመጠ፣ ስደተኛው አለቀሰ። አሥራ ሰባት ጊዜ ቆጠርኩ። እናቱ ምን ብላ ነው የምትጠራው? ደግሞ ግንባሩ ላይ ያለው ፊቱን ያበላሸ ጠባሳ አይደለም። አንተ ትየርኪዲን ያየኸው ከመኪና መስኮት ነው።»

ክፍሉ ጸጥ አለ። ሰብሳቢያችን ቶሎ ብላ «እባካችሁ የሰው ስሜት አንጉዳ» አለች። እውነት ለመናገር ደስ አለኝ። በሚቀጥለው ሳምንት «ስሜት የሚነካ አስተያየት መስጠት የተከለከለ ነው» የሚል ደንብ አወጣን። ደንቡን ለመደገፍ መጀመሪያ እጁን ያወጣው እኔ ነበርኩ።

ደንቡ ምን አመጣ?

ከዚያ በኋላ ለተከታታይ ሳምንታት የተሰጠው አስተያየት ሁሉ «አሪፍ ነው»፣ «በርቺ»፣ «ይመችህ» ብቻ ሆነ። ያ ጓደኛችን መምጣቱን አላቆመም፤ መናገሩን ግን አቆመ። የሚጽፉት ሁሉ የሚጽፉትን እንደ በፊቱ ጻፉ፤ የተሻሻለ የለም።

አንድ ቀን ደግሞ አንድ ልጅ የሚያስቅ ግጥም ይዞ መጣ። በግጥሙ ውስጥ «ያምቦ» የሚለው ቃል ቤት እንዲመታለት ሦስት ጊዜ ገብቷል። ይህ ቃል ደገኛው በቀድሞ ዘመን አኙዋን ይጠራበት የነበረ ነው፤ ሕዝቡ ለራሱ ያወጣው ስም አይደለም። ከፊሉ ሰው ሳቀ። አንዲት አኙዋ ተማሪ ደብተሯን ዘግታ ወጣች። ማንም ምንም አላለም፤ ደንቡ ስሜት የሚነካ አስተያየት ይከለክላላ! እኔም ዝም አልኩ። ልጅቷ ወደ ክበቡ አልተመለሰችም።

እንግዲህ ነገሩን ልብ ብላችሁ ተመልከቱት። ያወጣነው ደንብ ጸሐፊውን ከሒስ ጠበቀው፤ የተጻፈባትን ልጅ ግን ከቃሉ አልጠበቃትም። ጨዋነት ብለን የሰየምነው ነገር ሁለት የተለያዩ ጉዳዮችን አንድ ላይ አስሮ ነበር። ስለ ጽሑፍ የሚነገር መራራ እውነት አንድ ነገር ነው። የሰውን ክብር የሚነካ ቃል ሌላ ነገር ነው። የመጀመሪያውን ስንከለክል ሁለተኛውን የምናርምበትን አፍ አብረን ዘጋነው።

ሒስ ለምን ያስፈራናል?

«ሒስ» ከግእዝ የመጣ ቃል ሲሆን ሥሩ መንቀፍን ያመለክታል። በአገራችን ግን ፊት ለፊት መታረም አዲስ ነገር አይደለም። በቅኔ ቤት ተማሪው ቅኔ ቆጥሮ መምህሩ ፊት ይቀርባል፤ በመጀመሪያ ሁለት ቤት ካለው ከጉባኤ ቃና ይጀምርና ወደ ረጅሞቹ፣ እስከ ስምንት ቤቱ መወድስ ድረስ ያድጋል። ሰዋስዉ ከተበላሸ ወይም ሰሙና ወርቁ ካልተገናኘ መምህሩ ጓደኞቹ በተሰበሰቡበት ያርመዋል። ዋሸራም ይሁን ዋድላ የሄደ ተማሪ ይህን እንደ ውርደት አይቆጥረውም። የሚታረመው ቅኔው እንደሆነ፣ ነገም ሌላ ቅኔ ይዞ እንደሚመጣ ያውቃልና።

ታዲያ እኛ ለምን ፈራን? በኔ አስተያየት አንዱ ምክንያት ቃሉ በመሐል ያለፈበት ታሪክ ነው። በደርግ ዘመን «ሂስና ግለ ሂስ» የስብሰባ ሥርዓት ነበር። ሕወሓት በትጥቅ ትግሉ ወቅት ያዳበረው «ግምገማ» ደግሞ ከ1983 ዓ.ም. በኋላ በየመሥሪያ ቤቱ ተስፋፋ። በእነዚህ መድረኮች የሚመዘነው ሰውየው ነው፤ አቋሙ፣ ባሕርዩ፣ ታማኝነቱ። ውጤቱም እንጀራን እስከማሳጣት ይደርስ ነበር። ወላጆቻችን በዚህ ውስጥ አልፈዋል። እኛም በክበብ ውስጥ «እስቲ እንገምግመው» የሚል ሰው ስንሰማ ሳናውቀው ትከሻችን ይኮማተራል። የቅኔ ቤቱ እርማት ሥራውን ሲመለከት ግምገማው ሰውየውን ይመለከት ነበር። እኛ ያጣነው የመጀመሪያውን ነው።

ደግነቱ መሣሪያው በእጃችን አለ። እነ ደበበ ሰይፉን የመሳሰሉ መምህራን ያስለመዷቸው «ገጸ ባሕሪ»፣ «ሴራ»፣ «መቼት» የሚሉ ቃላት ለፈተና ብቻ የሚጠኑ አይደሉም። «መቼት» መቼንና የትን አዋህዶ የያዘ ቃል ነው። «አንተ ትየርኪዲን አታውቅም» ከማለት «መቼቱ የት ነው? ልጁ ውኃ የሚቀዳው ከየት ነው? ወሩ ክረምት ነው በጋ?» ብሎ መጠየቅ ይቻላል። ጥያቄው ያው ነው፤ አይለሰልስም። ነገር ግን ዓላማው ሰውየው ላይ ሳይሆን ገጹ ላይ ነው።

የሕዝብ ስም የባለቤቱ ነው

ወደ ሁለተኛው ጉዳይ ልመለስ። አንዳንድ ሰው «አሁን ደግሞ ቃል ሁሉ ስድብ ሆነ፣ ምን ብለን እንናገር?» ይላል። ጉዳዩ የስሜት ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህ አባባል ትንሽ ውኃ ያነሳ ነበር። ነገር ግን በመጀመሪያ ደረጃ የትክክለኛነት ጉዳይ ነው። ድሮ «ወላሞ» የተባለው ሕዝብ ራሱን ወላይታ ይላል። «ጃንጀሮ» የተባለው የም ነው። «ጋላ» የተባለው ኦሮሞ ነው፤ ይህም ቃል ከ1966 ዓ.ም. አብዮት በኋላ ከመንግሥት አጠቃቀም የወጣው ሕዝቡ ስሙ እንዳልሆነ በመታወቁ ነው። በምዕራቡ ጠረፍ ያሉትን ልዩ ልዩ ሕዝቦች ደግሞ ደገኛው በጅምላ «ሻንቅላ» ይል ነበር። ይህ ስድብ ከመሆኑም በላይ ስህተት ነው፤ አኙዋን፣ ኑዌርን፣ ማጃንግን፣ ኦፖንና ኮሞን አንድ አድርጎ የሚጠራ ቃል ስለ አንዳቸውም ምንም አይናገርም። ጸሐፊ ነኝ የሚል ሰው ደግሞ ከማንም በላይ ትክክለኛውን ቃል መፈለግ አለበት።

በጋምቤላ ይህ ጉዳይ ከሰዋስው በላይ ነው። በታኅሣሥ 1996 ዓ.ም. በጋምቤላ ከተማ ብዙ የአኙዋ ተወላጆች ተገድለዋል። በ2008 ዓ.ም. ደግሞ በክልሉ በተለያዩ ወገኖች መካከል በተነሣ ግጭት የሰው ሕይወት ጠፍቷል። እንዲህ ያለ ጊዜ ባለፈበት ከተማ ውስጥ በአንድ ክፍል የተቀመጡ ተማሪዎች የጅምላ ስም እንደ ቀልድ ሲወረወር የሚሰሙት ቃሉን ብቻ አይደለም። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም።

ለስላሳ ቃል ሁሉ ግን ትክክል አይደለም

እዚህ ላይ ወደ ሌላኛው ጫፍም መሄድ የለብንም። ረጅምና ለስላሳ ሐረግ ሁልጊዜ የተሻለ ነው ማለት ስህተት ነው። ለምሳሌ መስማት የተሳናቸው ሰዎች ማኅበር በዚሁ መጠሪያ ይታወቃል፤ የዓይነ ስውራኑ ማኅበር ግን «ዓይነ ስውራን» የሚለውን ይዟል። መለኪያው የሐረጉ ርዝመት ሳይሆን የባለቤቱ ምርጫ ነው።

የኔንም ታሪክ እንመልከት። ደንቡን ባወጣንበት ሰሞን «ስደተኛ» የሚለውን ቃል በሙሉ ሰርዤ «ተፈናቃይ ወገናችን» ብዬ ተክቼ ነበር። ታሪኩ አልተሻሻለም፤ እንዲያውም ባሰበት። «ስደተኛ» እኮ ስድብ አይደለም። የአገሪቱ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 1110/2011፣ የሚጠቀምበት ቃል ነው። በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ባለው የጽጌ ወቅት የእመቤታችንና የልጇ ስደት ይታሰባል። ቃሉ ክብር ያለበት ቃል ነው። ጥፋቱ ቃሉን የስም ምትክ አድርጌ ሰውየውን ማጥፋቴ ነበር። አሥራ ሰባት ጊዜ ስደተኛ ተብሎ አንድ ጊዜ እንኳ በስሙ ያልተጠራ ሰው፣ ቃሉን ብናቆላምጠውም ስም አልባ ነው። ጓደኛዬ የተናገረው መራራ ሒስ ስለ አጻጻፍም ነበር፣ ስለ ክብርም ነበር። እኔ የሰማሁት ግን ድምፁን ብቻ ነው።

ማን ነው የሚናገረው?

የ«ያምቦ»ውን ግጥም የጻፈው ልጅ በኋላ ስንወያይ «አያቴ እንደዚህ ነው የሚሉት፣ ስድብ አይደለም» ብሎ ተከራክሯል። ክርክሩ በከፊል ያስኬዳል። በ1940ዎቹ የሚኖር ደገኛ ነጋዴ ገጸ ባሕሪ ብንፈጥር በዘመኑ ቃል መናገሩ አይቀርም፤ ያንን ማጽዳት ታሪክን መዋሸት ነው። ነገር ግን መጠየቅ ያለበት «ማን ነው የሚናገረው?» የሚለው ነው። ቃሉ ከገጸ ባሕሪው አፍ ሲወጣ አንባቢ ስለ ገጸ ባሕሪው ይማራል። ከተራኪው አፍ ሲወጣ ግን ጸሐፊው ራሱ ተናገረ ማለት ነው። በዚያ ግጥም ውስጥ አያት የሉም ነበር። የሚናገረው ልጁ ራሱ ነው።

እንዴት እንያዘው?

ከብዙ ክርክር በኋላ የቀድሞውን ደንብ ሰርዘን የሚከተሉትን ተስማማን። ሌላ ክበብም ይጠቅመው እንደሆነ እጽፋቸዋለሁ።

1. አስተያየት የሚሰጥ ሰው መስመሩን ወይም አንቀጹን ይጥቀስ። «አልወደድኩትም» ብቻውን ሒስ አይደለም፤ «አሪፍ ነው»ም ብቻውን ሒስ አይደለም።

2. «አንተ» ከማለት «ተራኪው»፣ «ገጸ ባሕሪው»፣ «ይሄ ስንኝ» እንበል። ሐሳቡ ግን አይለሰልስ፤ ያልሠራ ነገር አልሠራም ይባል።

3. ስለ አንድ ሕዝብ የጻፈ ሰው ከማንበቡ በፊት የዚያን ሕዝብ ተወላጅ ይጠይቅ። ሲጠይቅም ጓደኛውን የሕዝቡ ሁሉ ቃል አቀባይ አያድርገው።

4. ክብረ ነክ ቃል ሲያጋጥም ዝም አይባል፤ እዚያው ይነገር። የተጎዳው ሰው ራሱ ተነሥቶ እስኪከራከር መጠበቅ ሸክሙን በእሱ ላይ መጨመር ነው።

5. ሥራው የተተቸበት ሰው መጀመሪያ ይጻፍ፣ ከዚያ ያድርበት፣ ከዚያ ይመልስ። በዚያው ቀን የምንሰጠው መልስ አብዛኛውን ጊዜ መከላከያ ነው።

አምስተኛው ከሁሉም ከባድ ነው። እኔ ያን ቀን ዝም ብዬ ብጽፍ ኖሮ ማስታወሻዬ ላይ የሚቀረው «ስም፣ ግንባር፣ መስኮት» የሚሉ ሦስት ቃላት ነበሩ። ሦስቱም ትክክል ነበሩ።

ማጠቃለያ

ከብዙ ጊዜ በኋላ ያንን ጓደኛዬን ሻይ ጋብዤ ጠየቅሁት። ግንባር ላይ ያለው መስመር «ጋር» እንደሚባል፣ ቁጥሩም ስድስት እንደሆነ፣ የኑዌር ልጅ ወደ ሙሉ ወንድነት ሲሸጋገር ይቀረጽ እንደነበርና አሁን ብዙ ወጣቶች እንደተዉት ነገረኝ። እኔ ጠባሳ ያልኩት የማዕረግ ምልክት ነበር። ታሪኩን እንደገና ጻፍኩት። ልጁን ጋትሉዋክ አልኩት፤ እናቱ በስሙ ስትጠራው ይጀምራል። ጓደኛዬ አንብቦ «አሁን ተሻለ። መጨረሻው ግን አሁንም ውሸት ነው» አለኝ። መጨረሻውን እየሠራሁበት ነው።

ያቺን ተማሪ ግቢ ውስጥ አግኝቼ ይቅርታ ጠይቄያታለሁ። «ችግር የለም፣» አለችኝ፣ «ግን መናገር የነበረብህ ያን ቀን ነበር።» ለዚህ መልስ አልነበረኝም። ይህን ጽሑፍም የጻፍኩት በሌላ ክበብ፣ በሌላ ክፍል ውስጥ እንደኔ ዝም ብሎ የተቀመጠ ተማሪ ካለ ያን ቀን እንዲናገር ነው።